የለምዱ ቀኝ ትከሻ

በግ ሞታ ቆዳዋ እጄ ሲገባ እንዴት እንደኖረች አውቃለሁ። የተራበችበት ወር ጀርባዋ ላይ ስስ ሆኖ ይቀራል። እሾህ የወጋት ቦታ እንደ ምስር ጠጥሮ ከጣት ሥር ይገኛል። ውሻ ነክሷት ከሆነ ጠባሳው በብርሃን አንጻር ሲያዩት ከሌላው ይነጣል። አርባ አንድ ዓመት ለምድ ስሰፋ ቆዳን ያነበብኩት እንዲህ ነው፤ ከውስጥ በኩል፣ ከሞት በኋላ። በሕይወት ካለች በግ ላይ ማንበብ የተማርኩት ግን ዘግይቼ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ያም ሳምንት የሳቬታ ዘጠኝ በጎች ከመንጋው የተባረሩበት ሳምንት ነው።

በመንደራችን በፖያና ሬቼ በጎች በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ በየባለቤታቸው ጋጣ ይቆያሉ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በኋላ ከሃምሳ ግቢ የወጡት ሁሉ በአንድ መንጋ ይቀላቀሉና አንድ የእረኞች አለቃ እየመራቸው ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ እስከ መስከረም አይመለሱም። በጎቹን ለብቻው ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው የለም። የመንደሩ ሣር ደግሞ ታጭዶ ለሚመጣው በረዶ ስለሚከመር፣ ከመንጋው የቀረች በግ በበጋ የምትበላው የላትም። ባለቤቷ ያርዳታል ወይም ይሸጣታል።

በመቀላቀያው ዕለት በጎቹ ከመንደሩ በላይ ባለው ጉረኖ ጠባብ በር አንድ በአንድ ያልፋሉ። አንድ ሰው ይቆጥራል፤ ሌላው የጆሯቸውን ምልክት ያያል። በዚያ ዓመት ጆሮ የሚያየው ትሪፎን ነበር። ትሪፎን በመንደሩ ትልቁ መንጋ ያለው፣ ድምፁም የመንጋውን ያህል የሆነ ሰው ነው። የሳቬታ ተራ ደርሶ ሁለተኛዋ በግ በሩ ላይ ስትደርስ በጆሮዋ ይዞ አቆማትና ዝም አለ። ትሪፎን ዝም ሲል ሰው ይሰበሰባል።

የበጓ ቀኝ ትከሻ ላይ ሱፉ ተነቅሎ ጥቂት ክሮች ብቻ ይዘውት ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የተገለጠው ቆዳ የእጅ መዳፍ ያህላል። መሀሉ ደርቆ፣ ተጨማዶ፣ እንደ አሮጌ ዛፍ ልጥ ወፍሯል። ዳሩ እርጥብ ነበር።

«እከክ ነው» አለ ትሪፎን።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሰው ሁሉ በጎቹን በጉልበቱ እየገፋ ወደ ኋላ ሸሸ። እከክ የገባበት መንጋ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። በጓ ሣሩን ትታ ስትታከክ ትውላለች፤ ስትታከክ ትከሳለች፤ ሱፏ በየቁጥቋጦው ተንጠልጥሎ ይቀርና በመጀመሪያው ውርጭ ትሞታለች።

ሳቬታ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ባሏን ከሁለት ዓመት በፊት ጫካ ውስጥ ሲቆርጡት የነበረ ግንድ ወድቆ ገደለው። ሲጋቡ አክሊሉን ከራሳቸው በላይ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ በእኛ ዘንድ ያንን የያዘ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ እንደ አባት ይቆጠራል። ከእነዚያ ዘጠኝ በጎች በቀር ያላት አንዲት የፕሪም ዛፍና ደካማ እናት ናቸው። በረዶው ሲወርድ ማማሊጋቸውን፣ ያን የበቆሎ ገንፎ፣ የሚበሉበት አይብ ከዘጠኙ ጡት የሚገኘው ነው።

ሽማግሎቹ እዚያው ቆመው ተማከሩ። ቀኑ ሰኞ ነበር። የዕለቱ መቀላቀል እንዲቆም፣ የሳቬታ በጎች ወደ ጋጣቸው እንዲመለሱ፣ የቀሩት ሁሉ በየግቢያቸው ቆይተው ሐሙስ ያለ እርሷ እንዲወጡ ወሰኑ። በሽታው ከየት እንደመጣባት የጠየቀ አልነበረም። ትሪፎን ብቻ፣ ወንድ የሌለበት ጋጣ በመጥረጊያ እንጂ በዓይን አይጠበቅም ብሎ ቀለደ። ጥቂቶች ሳቁ። የእረኞቹ አለቃ ዞሲም፣ የእኔ እኩያ፣ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ይመለከት ጀመር፤ እዚያ ውስጥ የሚታይ ነገር እንዳልነበር አውቃለሁ።

ሳቬታ ዘጠኙን እየነዳች ቁልቁል ወረደች።

በማግሥቱ ወደ ቤቷ የሄድኩት አዝኜላት ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሌሊቱን ሁሉ ያ እርጥብ ዳር ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። መሀሉ እንደዚያ የደረቀ ነገር ዳሩ ለምን ይረጥባል? የቁስል ወጉ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከዳር ይደርቅና መሀሉ መጨረሻ ይድናል።

ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እርስዎም ሊያዩ መጡ» አለችኝ።

ለማየት እንደመጣሁ ነገርኳት።

«ይዩ እንግዲህ። ማየት እንደሆነ አይተላለፍም።»

ጋጣው ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነበር፤ ገለባው በዚያው ጠዋት ተለውጧል። የተባረረችውን በግ ወደ ፀሐይ አወጣንና ሳቬታ አንገቷን ያዘችልኝ። ተንበርክኬ ሱፉን ከጤናማው ቆዳ ጀምሬ ወደ መሀል እየከፈልኩ ሄድኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ምንም የሌለበት የሚመስል ነበር፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ግን ይሞቃል። ቀጥሎ እንደ ምስር ያበጡ ቀያይ ነጠብጣቦች መጡ። ከዚያ እርጥቡ ዳር፤ ቢጫ ውሃ ያቀረረ፣ ሱፉ በራሱ ወዝ ተጣብቆ የተኛበት። ከዚያ ውሃው እንደ ቀለጠ ሰም የረጋበት ቅርፊት፤ በውስጡ የተቀበሩ የሱፍ ዘለላዎች ይታያሉ። መጨረሻ መሀሉ ነበር፤ ግራጫ፣ እጥፋቱ የበዛ፣ የወፈረ፣ ጣት ሲጫነው የማይመለስ። አምስት ክበብ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ።

ለቆዳ መፋቂያ የምይዘውን ዱልዱም ቢላ አወጣሁና ከመሀሉ ጥቂት ፋቅኩ፤ ከዳሩም ጥቂት ፋቅኩ። በመዳፌ ላይ ሁለቱም ያው ፍርፋሪ ናቸው። ከነጭ ነገር ላይ ነጭ ነገር መፈለግ ሞኝነት ነውና ጥቁር ጨርቅ እንዳላት ጠየቅኳት።

ሳቬታ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በወንድ ፊት ፈትታው የማታውቀውን የሐዘን ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች። ፀሐይ ባሞቀው ድንጋይ ላይ ዘረጋችውና እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለች። ፍርፋሪውን ከግራ የመሀሉን፣ ከቀኝ የዳሩን አድርጌ በተንኩት። ጎን ለጎን ተንበርክከን ጠበቅን።

በግራ በኩል ምንም አልሆነም። በቀኝ በኩል አንዱ ፍርፋሪ ተራመደ።

ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሰባት፣ ስምንት። የመርፌ ጫፍ የማያህሉ፣ እንደ ዕንቁ ነጣ ያሉ፣ ሙቀቱ ሲሰማቸው የሚፍጨረጨሩ። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ባይሆኑ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ባላየኋቸው ነበር።

«ከዱቄት ያንሳሉ» አለች ሳቬታ። ቀጥላም፣ በጣም በዝግታ፣ «ቤቴን የሚያፈርሱት እነዚህ ናቸው?» አለች።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝና እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። የሚበሉት ዳሩ ላይ ነው። ቆዳው በሥራቸው ሲደርቅና ሲወፍር ጥለውት ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ መሀሉ ሰው የለቀቀው ቤት ነው። እንግዲያው ክበቡ በሰፋ ቁጥር የቆየ ነው። የግንድ ዕድሜ እንደሚቆጠር የቁስሉንም ዕድሜ መገመት ይቻላል።

ሌሎቹን ስምንት አንድ በአንድ አወጣናቸው። እያየን ሳለ ሌላ ነገር ታዘብኩ። የቁስሉን ዳር በጣቴ ሳሽ በጓ አንገቷን ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ጸሎት የምታነበንብ ይመስላል። አንዷ ሱፏ ሙሉ፣ የሚታይ ነገር የሌላት ነበረች። ጎኗን ስዳብስ ግን ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ሱፉን ብከፍለው ቀያዮቹ ነጠብጣቦች እዚያ አሉ። ዓይን ያላየውን አፏ ተናገረ።

ሁሉንም ስንጨርስ የነበረው እንዲህ ነው። ስድስቱ ትንንሽ ክበብ አለባቸው፤ አንዷ ጎኗ ላይ፣ አንዷ ጀርባዋ ላይ፣ እንደየዕድላቸው። ሦስቱ ላይ ያለው መዳፍ ያህላል። የሦስቱም ቀኝ ትከሻ ላይ ነው።

ሳቬታ ሻሿን ከድንጋዩ አንስታ እሳቱ ላይ በፈላ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

«ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ። ሰው በእጁ የነካቸው ይመስላል።»

እኔ አራት በጎች አሉኝ፤ ለሱፋቸውና ለወጥ ያህል የማረባቸው። ቤቴ እንደደረስኩ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ ገባሁ። ላያቸው ሙሉ፣ ሱፋቸው ረጅም፣ እንከን የላቸውም። የመጀመሪያዋን ቀኝ ትከሻ አሸሁ። አንገቷን ዘርግታ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ።

አራተኛዋን ባሽ ባሽ ዝም ብላ አየችኝ። እርሷ ከሌሎቹ የተለየችበትን ነገር ስፈልግ ቆየሁ። ሣራቸው አንድ ነው፤ ውሃቸው አንድ ነው፤ ጋጣቸው አንድ ነው። አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ፤ በዚያ ዓመት ዘግይታ የወለደችው እርሷ ነበረች። የእረኞቹ አለቃ ሲዞር ወተት አልነበራትም።

ይህ ዙር በእኛ መንደር የቆየ ነው። ከመቀላቀያው አምስት ሳምንት በፊት የእረኞቹ አለቃ በየግቢው ይዞርና ከያንዳንዱ ሦስት በጎች መርጦ ጥቂት ጥቂት ያልባል። በመዳፉ ይቀምሰዋል፤ የበጋው አይብ ምን እንደሚሆን ይናገራል፤ አንድ መለኪያ የፕሪም አረቄ ተሰጥቶት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሙቀት ቢሆንም ሙሉ ለምዱን ለብሶ ነው፤ ያለ ለምድ የመጣ አለቃ ጎረቤት እንጂ አለቃ አይባልም። ዞሲም ደግሞ ግራኝ ነው። ሌላው ሰው በጓን በግራዋ በኩል ተንበርክኮ በቀኝ እጁ ሲያልብ፣ እርሱ በቀኟ ይንበረከካል፤ በቀኝ ክንዱ አንገቷን ያቅፋል፤ በግራ እጁ ያልባል። እንዲህ ሲያደርግ የለምዱ ቀኝ ትከሻ በበጓ ቀኝ ትከሻ ላይ ይተኛል።

እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። ረቡዕ ጠዋት የሱፍ ርዝመት እለካለሁ ብዬ ሰባት ግቢ ዞርኩ። ሐሰት ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። በትሪፎን ግቢ በጎቹን ስዳብስ ትሪፎን አጥሩን ተደግፎ ስለ እኔ ለሚስቱ ሲናገር ሰማሁት።

«ጋሽ ቪኬንትዬ ዘንድሮ ትጉህ ሆነዋል። በጓ ሳትታረድ ልኳን ይወስዳሉ።»

ሚስቱ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እጄ ሥር ግን የሦስተኛዋ በግ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። በሰባቱም ግቢ እንዲሁ ነው፤ ሦስት፣ ሁልጊዜ ሦስት፣ ሁልጊዜ ቀኝ ትከሻ። ሰፋ ባለ ግቢ ስለሚውሉ ቁስላቸው ገና ከአዝራር አይበልጥም፤ ሱፉ ይሸፍነዋል። ዞሲም ዙሩን ከየት እንደጀመረ በዘወርዋራ ጠየቅኩ። ከሳቬታ ነው አሉኝ። ባሏ አሥራ ሁለት ዓመት አብሮት ጠብቋልና ለሟቹ ክብር ከእርሷ ግቢ ጀመረ። ለምዱ ላይ የነበረው ሁሉ ገና ሙሉ ሳለ የደረሰው ለእርሷ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዞሲም ቤት ሄድኩ። አጓት ሲያጣራ አገኘሁት። ለምዱን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩ። ሳይገርመው ከግድግዳው ላይ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ለምዱ የአባቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት የአያቱ። ሱፉ ወደ ውጭ ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ሦስት ትውልድ ጠጋግኖታል፤ ከመጀመሪያው በግ ምን ያህል እንደቀረ እግዚአብሔር ያውቃል።

ቀኝ ትከሻው አዲስ ነበር። ስፌቱን አየሁት። በአራት ጥልፍ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ የምትመለስ ስፌት በዚህ ሸለቆ የአንድ ሰው ብቻ ናት።

የእኔ ናት።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ ዞሲም። «የገዛ ሥራህን አይተህ ነው እንዲህ የነጣኸው?»

መቼ እንደጠገንኩለት ጠየቅኩት። እኔም አውቀው ነበር፤ ከሌላ አፍ መስማት ስለፈለግኩ ነው። ሊዞር አራት ቀን ሲቀረው ነው አለኝ። ትከሻው በበጎች ተፈትጎ አልቆ ነበር፤ አስቸኩሎኝ ነበር፤ ከዚያም እንደ ወጉ አሳሰበኝ፤ የትከሻው ሱፍ እንዳይታጠብ።

ይህ የእረኞች ሕግ ነው። ያልታጠበ ሱፍ ወዙ ዝናብ ያንሸራትታል፤ የታጠበ ሱፍ ይጠጣል። ስለዚህ ለሌላው የለምድ ክፍል ቆዳውን በፉርሽካና በጨው ውሃ ሁለት ሳምንት እዘፈዝፋለሁ፤ ለትከሻ ግን ሥጋ በነበረበት በኩል ብቻ ፍቄ፣ ጨውና ፉርሽካ ቀብቼ፣ ሱፉን ሳልነካ እሰፋለሁ። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ፉርሽካው የሚገድለውን፣ ውሃው የሚያጥበውን ሁሉ በትከሻ ላይ ብቻ በሕይወት እንተዋለን።

የተጠገነበትን ቆዳ በቢላ ፋቅኩትና ፍርፋሪውን በዞሲም ጥቁር ባርኔጣ ላይ አድርጌ ፀሐይ ላይ ያዝኩት። ምንም አልተንቀሳቀሰም። አምስት ሳምንት ያለ በግ ቆይተው ሞተዋል። ለዞሲም አንዲት ቃል ሳልነግረው ወጣሁ፤ ከኋላዬ ሰውዬው አበደ ሲል ሰማሁ።

የቀረው ቆዳ ጣሪያዬ ሥር ነበር። ገበያ ላይ ከአንድ መኪና ነጂ በሁለት ኮፍያ የለወጥኩት ነው፤ በረዶውን ሜዳ ላይ ያሳለፈች በግ መሆኗን ብቻ ነግሮኝ ነበር። በጨው እንደታጠፈ ተቀምጧል። በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ዘረጋሁት። ትከሻውን የቆረጥኩበት ቀዳዳ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ጀርባው ላይ፣ ከውስጥ በኩል ክበቡ ነበር። አምስቱም። ቀዩ ነጠብጣብ እስከ ቆረጥኩበት ጠርዝ ድረስ መጥቶ ነበር።

ያን ቢጫነት ያን ጊዜም አይቼዋለሁ። የጨው እድፍ ነው ብዬ ነበር። ከቆዳው ሁሉ ትከሻውን የመረጥኩት ሱፉ እዚያ ከሁሉ ያማረ ስለነበር ነው፤ እነዚያ ነፍሳትም የመረጡት በዚያው ምክንያት ነው።

በዚያ ምሽት ምድጃው ነዶ ነበር፤ ቆዳው ጉልበቴ ላይ ነው። ከሐሙስ በፊት ባቃጥለው የሚያውቅ አይኖርም። በሽታው በሁሉም ግቢ እንዳለ ብቻ ባሳይ ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ትሪፎን ከሳቬታ ተላለፈብን ይላል፤ ሁሉም ያምኑታል፤ አሁን ዘጠኝ በጎቿን የምታጣው ሴት ያን ጊዜ በመንደሩ መኖር ያቅታታል። ከየት እንደጀመረ ካልተነገረ፣ የቀረው እውነት ሁሉ በእርሷ ላይ ይጫናል። የሚያነጻት ይህ ጉልበቴ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቆዳውን ጠቅልዬ ወደ ጉረኖው ወጣሁ። በጎቹ ተሰልፈዋል፤ ሳቬታ ሩቅ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ በጎቿን ሳትይዝ ቆማለች። በሩ ላይ ገብቼ ቆምኩና እስክጨርስ ማንም በግ እንዳያሳልፍ ለመንኩ። ከትሪፎን መንጋ አንዷን አስያዝኩ፤ ትከሻዋን አሸሁ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሱፉን ከፍዬ አሳየኋቸው። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። ከሌላ መንጋ ሌሎች ሦስት።

ትሪፎን ፊቱ ቀልቷል። እንደጠበቅኩት ወደ ሳቬታ ጠቆመ።

«ከእሷ ነው የተጋባብን። ሌላ ከየት ይመጣል?»

ለሳቬታ መልስ እድል አልሰጠሁም፤ ዞሲምን ጠራሁት። ከሳቬታ ጋጣ ትከሻዋ የተራቆተውን በግ አምጥተው በፊቱ እንዲያቆሟትና በዙሩ ቀን እንዳደረገው ለምዱን እንደለበሰ ተንበርክኮ እንዲያልባት ጠየቅኩት። ዞሲም ግራ ተጋብቶ አየኝ። ከዚያ ተንበረከከ፤ በቀኟ፤ ክንዱን በአንገቷ ዙሪያ አደረገ፤ ወደ ፊት አዘነበለ። አዲሱ የትከሻ ቆዳ በተራቆተው ቆዳ ላይ ክዳን ድስቱን እንደሚያገኝ ገጠመ።

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ተወው። ዞሲም እንደተንበረከከ ቀረ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

«አንተ አይደለህም» አልኩት። «ለምድህን የጠገንኩት እኔ ነኝ። ከታመመች በግ ቆዳ ጠገንኩት። ቀሪው ይኸውና።»

ቆዳውን በበሩ ግንድ ላይ ሰቀልኩት። ፀሐይ በውስጡ አለፈችና አምስቱ ክበቦች ለሁሉም ታዩ። አንድ በአንድ እየቀረቡ አዩ፤ አንዳንዱ በጣቱ ነካ። አንዲት አሮጊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዘንድሮ የስንት ሰው ትከሻ ጠግነሃል ብላ ጠየቀችኝ። የዞሲምን ብቻ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻ ይዞ ቤቴ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ወደ ሌላው ሸለቆ ይወስዱት ጀመር። አልፈርድባቸውም።

የእንስሳት ሐኪሙ ከሲቢዩ ከተማ በሞተር ብስክሌት መጣ። በማጉያ መነጽር አይቶ እኔ ዳር ያልኩትን ዳር አለ፤ ይህ ለምን እንዳስደሰተኝ ዛሬም አላውቅም። በርሜል ተተክሎ የመንደሩ በግ ሁሉ መድኃኒት ውስጥ ተነከረ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ተነከረ። የዞሲምን ለምድ ሦስት ሳምንት ባዶ መንጠልጠል ብቻ እንደሚያነጻው ሐኪሙ ተናገረ። ዞሲም ግን በጋውን ሁሉ ጣሪያ ሥር ሰቅሎት የከተማ ሰው የዝናብ ካፖርት ለብሶ ተራራ ወጣ፤ ውሾቹ ሳምንት ሙሉ ሲጮኹበት ነበር አሉ። ትሪፎን ለሳቬታ ይቅርታ አልጠየቃትም። አንድ ጠዋት ግን ደጇ ላይ አንድ ጋሪ ድርቆሽ ወርዶ ተገኘ፤ የመንደሩ ጋሪዎች ሁሉ ባዶ ሲሄዱ የሚያሰሙትን ድምፅ የሚያውቀው ጎረቤቷ የማን ጋሪ እንደነበር ነገራት።

መንጋው የተቀላቀለው አሥራ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ነው። የተራራው የመጀመሪያ ሣር፣ አይቡን ቢጫ የሚያደርገው፣ ለማንም አልደረሰም። በዚያ ቀን ጆሮ የሚያይ ሰው በግራ ቆመ፤ እኔን ደግሞ በቀኝ አቆሙኝ፤ ማንም ቁም ሳይለኝ ቦታውን ክፍት አድርገው ተዉልኝ። እያንዳንዷ ስታልፍ ቀኝ ትከሻዋን አሻለሁ፤ አፏን አያለሁ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ትከሻ።

የሳቬታ በጎች መጨረሻ ላይ መጡ። ሦስቱ የተራቆቱበት ቦታ ላይ አዲስ ሱፍ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ አጭር፣ ከሌላው ይልቅ የነጣ፣ ሥሩ ያለው ቆዳ ገና ያልለሰለሰ። አንድ ቀን ከውስጥ በኩል የሚያነበው ሰው ያገኘዋል። ሳቬታ ከኋላቸው ቆማ እጄን ሳይሆን ዓይኔን ትመለከት ነበር። ዘጠነኛዋን አቁሜ ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ አሸኋት። በጓ አንዴ ዞራ አየችኝ፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ለቀቅኳትና ከመንጋው ተቀላቀለች።